መኪናው ቀድሞ ይደርሳል፣ እውቀቱ ይዘገያል
(የሃይድሮሊክ ሰስፔንሽን ታሪክ፦ ከፓሪስ እስከ ጋራዦቻችን)

ዛሬ ፖለቲካ የለም ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ መጨረሻው ላይ ግን እንደተለመደው አልቀረልንም። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ክረምት አንድ የቅርብ ወዳጄ መኪናውን ሊያሳይ ወደ ጋራዥ ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። መኪናው ባለ 100 ሞዴሉ ላንድክሩዘር ነው። ከሃያ ዓመት በላይ አገልግሏል፣ ሞተሩ ግን ዛሬም እንከን የለውም። ችግሩ ሌላ ነው። ጠዋት ሲያዩት ፊቱ ወርዶ፣ ሊሰግድ እንዳጎነበሰ ሰው ሆኖ ይገኛል። ሞተሩ ሲነሳ ከሥሩ አንድ ፓምፕ እያጉረመረመ ሊያነሳው ይታገላል፤ አንዳንዴ ይሳካለታል፣ አንዳንዴ አይሳካለትም። መንገድ ላይ ደግሞ እያንዳንዷን ጉድጓድ ሳይቀንስ ለተሳፋሪው ወገብ ያደርሳል።

መካኒኩ ጎንበስ ብሎ ሁለት ደቂቃ አየና ፈረደ። «ወንድሜ፣ ይሄ ነገር አይሆንህም። ሃይድሮሊኩን ነቅለን በተራ ሾክ አብዞርበር እንተካልህ፤ ትገላገላለህ።»

«ምኑ ነው የተበላሸው ግን?» አለው ወዳጄ።

«ያው ሃይድሮሊኩ ነዋ!»

መካኒኩን ለመውቀስ አይደለም ይህን የምጽፈው። ሰውየው ቅን ነው፤ የሚያውቀውን ነው የነገረን። ግን «ምኑ ነው የተበላሸው?» ሲባል «ያው እሱ ነዋ» የሚለው መልስ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። እንዲህ ያለውን መልስ ከጋራዥ ውጭም ብዙ ቦታ ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ የዚህን ዕቃ ታሪክ ማገላበጥ ጀመርኩ። ያገኘሁት ታሪክ ከመኪና ያለፈ ሆነብኝ። (ካልተገለጸ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

▪️ ዲግሪ ያልነበረው ሰው

ታሪኩ የሚጀምረው ሲትሮየን ከተባለው የፈረንሳይ መኪና ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው በ1934 ከስሮ፣ በጎማ ሥራው የምናውቀው ሚሸሊን ተረከበው። እዚያ ውስጥ ፖል ማዤስ የሚባል ሠራተኛ ነበር። በ1908 የተወለደው ማዤስ ፋብሪካውን በ1925 ሲቀላቀል ገና የ17 ዓመት ወጣት ነበር። የምህንድስና ዲግሪ አልነበረውም፤ ያወቀውን ሁሉ ያወቀው በራሱ ጥረትና በሥራ ላይ ነው። ለዚህ ሰው ነው እንግዲህ በ1940ዎቹ መጀመሪያ፣ ፈረንሳይ በናዚ ጀርመን ተይዛ ሳለ፣ ማንም በቅጡ ያልፈታው ጥያቄ የተሰጠው።

ጥያቄው ይህ ነው። መኪና የሚቀመጠው በሞላ ወይም በባሌስትራ ላይ ነው። ሞላው ለስላሳ ከሆነ ተሳፋሪው ይመቸዋል፤ ሰውና ዕቃ ሲጫንበት ግን መኪናው ይወርዳል። ሞላው ጠንካራ ከሆነ ጭነት ይችላል፤ ባዶውን ሲሄድ ግን ያንገጫግጫል። የጭነት አይሱዙ ባዶውን ሲመለስ ከኋላው የተሳፈረ ሰው ጉዳዩን ያውቀዋል። አንዱን ለማግኘት ሌላውን ማጣት ግድ ነበር።

የማዤስ መልስ ብረቱን ትቶ አየር ላይ መቀመጥ ነበር። ከትልቅ ብርቱካን ከፍ የምትል የብረት ኳስ አስቡ። ውስጧ በጎሚኒ መጋረጃ ለሁለት ተከፍሏል። በአንዱ ወገን ናይትሮጂን ጋዝ ታምቋል፤ በሌላው ወገን ዘይት አለ። ጎማው ጉብታ ሲመታ ዘይቱን ይገፋል፤ ዘይት አይታመቅምና ጋዙን ይገፋል፤ ጋዙ ይታመቅና መልሶ ይገፋል። ሞላው ጋዝ ሆነ ማለት ነው። የኳሷ አንገት ላይ ያለች ጠባብ ቀዳዳ ደግሞ የዘይቱን ፍሰት እያዘገየች የሾክ አብዞርበርን ሥራ ትሠራለች። ሰው ተጭኖ መኪናው ዝቅ ሲል አንድ ቫልቭ ይከፈትና በሞተሩ የሚዞረው ፓምፕ ተጨማሪ ዘይት ይልካል፤ መኪናው ወደ ቁመቱ ይመለሳል። ሰው ሲወርድ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። ለስላሳም ነው፣ ጭነትም ይችላል።

በ1954 ሲትሮየን ይህን ዘዴ በአንድ ነባር ሞዴሉ የኋላ ጎማዎች ላይ ብቻ ሞከረው። በዓመቱ ግን ድፍረቱ ጨመረ።

▪️ አንድ ቀን፣ 12,000 ትዕዛዝ

በጥቅምት 1955 የፓሪስ የመኪና ትርዒት ላይ ዲ.ኤስ. የተባለችው መኪና ተገለጠች። በፈረንሳይኛ ሁለቱ ፊደላት ሲነበቡ «አምላክት» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ድምፅ አላቸው፤ አጋጣሚ አይመስልም። በመጀመሪያው ቀን ብቻ ወደ 12,000 የሚጠጋ ትዕዛዝ ጎረፈ። ሞተሩ ሲጠፋ ቀስ ብላ የምትተኛ፣ ሲነሳ ደግሞ ከወለሉ ብድግ የምትል መኪና ነበረች። ፈላስፋው ሮላን ባርት ሳይቀር ጽፎባታል።

ማዤስና ጓደኞቹ በሰስፔንሽን ብቻ አልቆሙም። ያው በግፊት ያለ ዘይት መሪውን እንዲያግዝ፣ ፍሬኑን እንዲይዝ፣ ፍሪሲዮኑንና ማርሹን እንዲሠራ አደረጉት። ሐሳቡ ውብ ነው። አደጋውም እዚያው ነበር፤ ሁሉ በአንድ ዘይት ሲሠራ፣ ያ ዘይት የፈሰሰ ቀን ሁሉም አብሮ ይቆማል።

መኪኖቹ ለገዢዎች መድረስ ሲጀምሩ የሆነውም ይኸው ነው። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ዘይት ያፈሱ ነበር። ባለቤቶች ጠዋት ሲነሱ መኪናቸውን መሬት ላይ ተኝታ፣ ከሥሯ ዘይት ተኝቶ ያገኙ ነበር። የሰፈር መካኒኮች ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን የሚያውቁት ሞላና ባሌስትራ ነው። ቱቦ ሲፈቱ በከፍተኛ ግፊት የሚወጣ ዘይት ይገጥማቸው ነበር። መኪናው በሚስጥር ተሠርቶ በድንገት የወጣ ነውና በቂ ሥልጠና ያገኘ ሰው አልነበረም። እኛ «ከበሮ በሰው እጅ ሲያዩት ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» የምንለው ነገር በፓሪስ ጎዳናዎች ላይ ታየ።

▪️ ያቺ የነሐሴ ምሽት

መኪናዋ ግን ስሟን ያስመለሰችበት ቀን መጣ። ነሐሴ 22 ቀን 1962 ፕሬዚዳንት ሻርል ደ ጎል ከባለቤታቸው ጋር በዲ.ኤስ. መኪና ከፓሪስ እየወጡ ነበር። ፔቲ ክላማር በተባለ ስፍራ፣ አልጄሪያ ነፃነቷን ማግኘቷን የተቃወሙ ታጣቂዎች አድፍጠው የጥይት ናዳ አወረዱባቸው። መኪናዋን 14 ያህል ጥይት መታት፤ ሁለት ጎማዎቿ ፈነዱ። ሾፌሩ ፍራንሲስ ማሩ ግን ሳይቆም፣ መኪናዋም ሳትገለበጥ፣ በፈነዳ ጎማ ፍጥነት ጨምሮ ከወጥመዱ ወጣ። ከተሳፋሪዎቹ የተጎዳ አልነበረም። የሴራው መሪ ኮሎኔል ባስትያን ቲሪ በቀጣዩ ዓመት መጋቢት በጥይት ተደብድቦ ተገደለ።

ለመትረፋቸው የሾፌሩ ብቃትም ትልቅ ድርሻ አለው። ሆኖም በፈነዳ ጎማ ሚዛን የሚጠብቀው ያ ሰስፔንሽን ከዚያ ቀን በኋላ የፈረንሳዮች ኩራት ሆነ። እኔን የሳበኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ያቺ መኪና በዚያ ምሽት የሠራችው፣ ጠዋት የሚያያት፣ ዘይቷን የሚለካ፣ ኳሶቿ ጋዝ እንዳላቸው የሚያውቅ ባለሙያ ስለነበራት ነው። የሰፈር ሰው መኪና ግን ያው መሬት ላይ ተኝታ ታድር ነበር። ሁለቱም አንድ ዓይነት መኪና ናቸው፤ ልዩነቱ ከመኪናው ጀርባ ያለው ሰው ነው።

▪️ አረንጓዴው ቀለም

ሲትሮየን በመጨረሻ ችግሩን ከሥሩ አየው። የመጀመሪያው ዘይት ከአየር እርጥበት የሚስብ ነበር። እርጥበቱ የውስጥ ብረቱን ያዝገዋል፤ ዝገቱ ቫልቮቹን ይበላል፤ ከዚያ መፍሰስ ይከተላል። ስለዚህ በ1966 በማዕድን ዘይት ተካው። አዲሱ ዘይት አረንጓዴ ነው።

አሁን ሌላ አደጋ መጣ። ለቀድሞው ዘይት የተሠራ ጎሚኒ በአዲሱ ዘይት ይበላሻል፤ ለአዲሱ የተሠራውም በቀድሞው። አንድ መካኒክ ተሳስቶ ያልሆነውን ዘይት ቢሞላ ሙሉ ሲስተሙ ገደል ገባ ማለት ነው። ሲትሮየን ታዲያ ምን አደረገ? የአዲሱን ሲስተም ዕቃዎች እንደ ዘይቱ አረንጓዴ ቀባቸው። ማንም መካኒክ፣ ማንበብ ባይችል እንኳ፣ ኮፈኑን ከፍቶ አረንጓዴ ካየ አረንጓዴውን ይሞላል። በቃ።

ለእኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ፈጠራ ኳሷ አይደለችም፤ ይህ ቀለም ነው። እውቀቱን ከፋብሪካው ምሥጢር ቤት አውጥቶ፣ ዘይት በነካው እጅ ላለው ሰው በሚገባው ቋንቋ ሰጠው።

ዘዴውም ተከበረ። ሮልስ ሮይስ በ1965 ባወጣው ሲልቨር ሻዶው ላይ ፈቃድ ገዝቶ ተጠቅሞበታል። ሲትሮየን ራሱ በ1974 በሌሎች ኪሳራዎች ተንገዳግዶ በፔዦ እጅ ቢወድቅም፣ ዘዴውን እስከ 2017 ድረስ ይዞት ቆየ። ያቆመውም ተራ ሞላና ዘመናዊ ሾክ አብዞርበር ባነሰ ወጪ ተቀራራቢ ምቾት መስጠት ስለቻሉ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ሲተዉት ምን እንደሚተዉ አውቀው ነው የተዉት።

▪️ ወደ ላንድክሩዘሩ እንመለስ

ቶዮታ በ1998 ባለ 100 ሞዴሉን ላንድክሩዘርና ወንድሙን ሌክሰስ ኤልኤክስ 470 ሲያወጣ ተመሳሳይ ሐሳብ ተጠቅሟል። በሌክሰሱ ላይ መደበኛ ነበር፤ በላንድክሩዘሩ ላይ በአንዳንዶቹ ብቻ ይገጠማል። ሾፌሩ በቁልፍ ብቻ መኪናውን ለሻካራ መንገድ ከፍ፣ ለመሳፈሪያ ዝቅ ያደርገዋል።

ግን ጃፓኖቹ ከፈረንሳዮቹ ስህተት የተማሩ ይመስላል። መሪና ፍሬኑን ከዚህ ዘይት ጋር አላገናኙትም። ሞላውንም ጨርሰው አልጣሉትም፤ ከፊት የሚጠማዘዝ የብረት ዘንግ (ቶርሽን ባር)፣ ከኋላ ሞላ አለ፤ እነዚህ የክብደቱን ከፊል ይሸከማሉ፣ የቀረውን ሃይድሮሊኩ ይሸከማል። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የብዙ ጋራዥ ስህተት የሚጀምረው። ሸክሙ የጋራ ነውና አንዱ ሲደክም ሌላው ይጎዳል።

የወዳጄን ነገር ልጨርስላችሁ። ሌላ ባለሙያ አገኘን። ወጣት ነው፤ መጀመሪያ ያወጣው መፍቻ ሳይሆን ሜትርና እስክሪብቶ ነበር። ከእሱ የተማርኩትን፣ ይህ መኪና ያላችሁ ወይም በዘመድ ቤት የቆመ የምታውቁ ትጠቀሙበታላችሁና ላስፍረው፦

1. የዘይቱን ማጠራቀሚያ መጀመሪያ ክፈት። የዚህ ሲስተም ዘይት ለብቻው የተሠራ ነው፤ የፍሬን ዘይትም የመሪ ዘይትም አይተካውም። በወዳጄ መኪና ውስጥ አንዱ የመሪ ዘይት ሞልቶበት ተገኘ። የ1966ቱ የፓሪስ ስህተት እዚህ ድረስ መጣ!

2. ቁመት የሚለኩትን ሴንሰሮች እይ። ከጎማዎቹ አካባቢ ያሉ ትንንሽ ክንዶች ናቸው። ጭቃና ዝገት ሲያደርቃቸው ለኮምፒውተሩ የተሳሳተ ቁመት ይነግሩታል፤ መኪናውም ባልሆነ ሰዓት ይወርዳል ወይም አልነሳም ይላል። አንዷ ደርቃ ተገኘች።

3. የሞላዎቹንና የፊት ዘንጎቹን ድካም ለካ። ከሃያ ዓመት በኋላ ብረትም ይደክማል። ሲደክም ሃይድሮሊኩ ከድርሻው በላይ ይሸከማል፣ ፓምፑ ይለፋል፣ መኪናውም ይደርቃል። የፊቱ ዘንግ በቡሎን ይስተካከላል፤ የኋላው ሞላ ይቀየራል። ብዙ ጊዜ «ሃይድሮሊኩ ሞተ» የሚባለው ይኼ ነው።

4. ኳሶቹን ፈትሽ። መኪናውን ዝቅ አድርገህ የዘይቱን ከፍታ ማጠራቀሚያው ላይ ምልክት አድርግ፤ ከዚያ ከፍ አድርገህ ደግመህ ምልክት አድርግ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ጥሩ ልዩነት ካለ ኳሶቹ ጋዝ አላቸው። ልዩነቱ እጅግ ጠባብ ከሆነ ናይትሮጂኑ በጎሚኒው በኩል አምልጧል፤ ኳሶቹ ይቀየራሉ።

5. ፓምፑን በመጨረሻ ጠርጥር። ውዱ ዕቃ እሱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የሌላውን ኃጢአት የሚከፍል ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በሃይድሮሊኩ ብቻ ከፍ ባለ መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ። ቱቦ ሲፈታ መኪናው ሰው ላይ ይወርዳል። ከሥሩ ጠንካራ ካቫሌቶ ይግባ፤ ግፊቱ ሳይለቀቅ ምንም ነገር አይፈታ።

ውጤቱስ? የተሳሳተው ዘይት ታጥቦ ወጣ፣ ሴንሰሯ ተፈታታ፣ የኋላ ሞላዎቹ ተቀየሩ፣ የፊቱ ዘንግ ተስተካከለ። መኪናው አሁን ጠዋት ጠዋት አይሰግድም። ኳሶቹ ግን በእርግጥ ደክመዋል፤ ሶማሌ ተራን ዞረን ዞረን አጣናቸውና ዱባይ ያለ ዘመድ እንዲልክ ተነግሮታል። እስከዚያ ትንሽ ያንገጫግጨዋል። ተአምር አልተሠራም፤ ግን ምኑ እንደተበላሸ አሁን ያውቃል።

▪️ መንቀልስ ኃጢአት ነው?

አይደለም። ዕቃው ጨርሶ ካልተገኘ፣ ወይም ዋጋው ከአቅም በላይ ከሆነ፣ ነቅሎ በተራው መተካት ጤነኛ ውሳኔ ነው። ፈረንሳዮቹም በ2017 አድርገውታል። ግን የሚነቅል ሰው የሚነቅለውን ይወቅ። የሃይድሮሊክ ላንድክሩዘር ሞላና ዘንግ ከተራው የላላ ነው፤ ከፊል ሸክም ብቻ እንዲይዝ ነው የተሠራው። ሃይድሮሊኩን ነቅሎ ሾክ አብዞርበር ብቻ ማሰር መኪናውን ለዘለዓለም ማስጎንበስ ነው። ዘንጉም ሞላውም አብሮ በጠንካራው መተካት አለበት። ስንቶቻችን ይህን ሳናውቅ አስነቅለን፣ ከዚያ «ጃፓን የሠራው ድሮ ቀረ» ብለናል?

▪️ ነገሩ ከመኪና በላይ ነው

አሁን ወደ ዘንድሮው ጉዳያችን። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ ሕግ በአሮጌ መኪና ላይ ቀረጡን አክብዶታል። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ይህ ሁለት ውጤት አለው።

አንደኛ፣ ያሉት የነዳጅ መኪኖች ከታሰበላቸው ዕድሜ በላይ ይሠራሉ ማለት ነው። ትናንት «ሸጠህ ሌላ ግዛ» የሚባልበት መኪና ዛሬ መጠገን አለበት። «ነቅለህ ጣለው» የሚለው ሙያ ከእንግዲህ አያዋጣም።

ሁለተኛ፣ በብዛት እየገባ ያለው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ነዳጅ ከውጭ በዶላር ለሚገዛ፣ መብራቱን ግን ከራሱ ወንዝ ለሚያመነጭ አገር አሳቡ ትክክል ነው፤ አልቃወምም። ጥያቄዬ የ1955ቱ የፓሪስ ጥያቄ ነው። መኪናው ደርሷል፤ እውቀቱስ? ስክሪኑ በቻይንኛ የሚጽፍ መኪና እየነዳን ነው። ባትሪው በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይይዛል፤ እንደ ዘይት ቱቦ ተሳስተው ቢነኩት ልብስ አበላሽቶ የሚመልስ አይደለም፣ ይገድላል። ከአምስትና ከአሥር ዓመት በኋላ እነዚህ መኪኖች ሲያረጁ አንድ ቅን መካኒክ ጎንበስ ብሎ አይቶ «ያው ባትሪው ነዋ!» እንዲለን ነው የምንጠብቀው?

መደረግ ያለበት ብዙ አይደለም። መኪና የሚያስገባ ሁሉ የጥገና መመሪያውን መካኒኩ በሚያነበው ቋንቋ እንዲያስገባ ይገደድ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን የትናንቱን ካርቡሬተር ብቻ ሳይሆን መንገድ ላይ ያለውን መኪና ያስተምሩ። መካኒኮቻችንም የሚያውቁትን ለልጆቹ ያውርሱ። «ሙያ በልብ ነው» እንላለን፤ ጥሩ አባባል ነው። ጋራዥ ውስጥ ግን ሙያ ወረቀት ላይም መስፈር አለበት፤ ካልሰፈረ ከባለሙያው ጋር ይቀበራል።

ዲግሪ ያልነበረው ማዤስ ለዓለም አዲስ ነገር የሰጠው ፋብሪካው ስላመነውና ጊዜ ስለሰጠው ነው። ሜትርና እስክሪብቶ ይዞ የመጣው የእኛ ወጣት ከእሱ በምን ያንሳል? «የት ተማርከው?» ብዬ ጠየቅኩት። «ማንም አላስተማረኝም፤ አንድ መኪና አበላሽቼ፣ ከዚያ ቁጭ ብዬ አነበብኩ» አለኝ። ስንት መኪና፣ ስንት መሥሪያ ቤት ተበላሽቶ ነው የምንማረው?

ይህ መኪና ያላችሁ፣ ወይም በሙያው ውስጥ ያላችሁ፣ የምታውቁትን ከሥር ጻፉልን። ለአንድ ሰው ወገብ እረፍት ትሆናላችሁ።

ቸር ያሰንብተን!